በጎጃም ከተሞች የሬስሊንግ ትርኢት ለማቅረብ፦ የፈቃድ፣ የውልና የጥንቃቄ መመሪያ

ይህ መመሪያ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በሞጣ፣ በእንጅባራ ወይም በሌላ የጎጃም ከተማ ትኬት ሽጠው የሬስሊንግ ትርኢት ለማቅረብ ላሰቡ የስፖርት ክበባት፣ የወጣት ማኅበራትና ግለሰብ አዘጋጆች የተጻፈ ነው። ሬስሊንግ ሲባል ብዙዎቻችን በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን እያየን ያደግንበት፣ ገመድ በተወጠረበት መድረክ ላይ የሚካሄድ፣ አሸናፊው አስቀድሞ የሚወሰንበት ትርኢት ማለት ነው። እረኞች በመስክ የሚያያዙት ትግልና በባህል ስፖርቶች ውድድር የሚቀርበው ትግል ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ ልዩነቱም ከመዝገብ ቤት ጠረጴዛ ጀምሮ እስከ ፍርድ ቤት ድረስ አዘጋጁን ስለሚከተለው መመሪያው የሚነሣው ከዚያ ነው።

በሀገራችን ለሬስሊንግ ትርኢት ብቻ ተብሎ የወጣ አዋጅ የለም። እንዲህ ሲባል ግን ትርኢቱ ሕግ አይነካውም ማለት አይደለም፤ የሚመለከቱት ደንቦች በንግድ፣ በማስታወቂያ፣ በግብር፣ በጸጥታ፣ በፍትሐ ብሔርና በወንጀል ሕጎች ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። አዘጋጅን የሚያደክመውም ክልከላ ሳይሆን ይኸው መበታተን ነው። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩ የጎረቤቱ መስሎ ስለሚታየው፣ ማመልከቻው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ጥር አልፎ ጾም ይገባል።

ደረጃ 1፦ ስፖርት ነው ወይስ ትርኢት?

አዘጋጁ ማንኛውንም ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ይህን ጥያቄ ለራሱ መመለስ ይኖርበታል። ጥያቄው ሬስሊንግ ከተወለደበት አገር ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት ሬስሊንግን ከቦክስ ጋር አንድ ላይ በስፖርት ተቆጣጣሪ አካል ሥር ያስተዳድር ነበር። በፈረንጆች 1989 ዓ.ም. ዛሬ ዳብሊው ዳብሊው ኢ ተብሎ የሚታወቀው ድርጅት ሥራው እውነተኛ ውድድር ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን ለግዛቱ ሕግ አውጪዎች በግልጽ አመነ፤ ሴኔቱም በ37 ለ1 ድምፅ ቁጥጥሩ እንዲነሣ ወሰነ። ረቂቁ ሬስሊንግን የተረጎመው ተሳታፊዎቹ በዋናነት ተመልካችን ለማዝናናት እጅ ለእጅ የሚያያዙበት፣ ሐቀኛ የስፖርት ውድድር ያልሆነ ተግባር አድርጎ ነው። ድርጅቱ ለዘመናት ሲደበቅ የኖረውን ምስጢር አደባባይ ያወጣው ለእውነት ተጨንቆ አልነበረም፤ ቁጥጥሩና ከቴሌቪዥን ገቢ ላይ የሚከፈለው ግብር ከትከሻው እንዲወርድለት ነበር። ሁሉም ግን በዚህ መንገድ አልሄዱም። ዛሬም ፈቃድ የሚጠይቁ የአሜሪካ ግዛቶች አሉ፤ በሜክሲኮ ከተማም ተፋላሚው ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ከከተማው የቦክስና የሬስሊንግ ኮሚሽን ፈቃድ ያወጣል።

ለእኛ አዘጋጅ ክርክሩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2068 ስፖርትን ለብቻው ይመለከታል። የድንጋጌው ይዘት ሲጠቃለል፣ በስፖርት ጨዋታ ላይ ያለ ሰው አብሮት በሚጫወት ሰው ወይም በተመልካች ላይ ጉዳት ቢያደርስ፣ ተንኰል እስካልሠራ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ እስካልጣሰ ድረስ ኃላፊ አይሆንም የሚል ነው። እግር ኳስ ተጫዋች ኳስ አገኛለሁ ብሎ የባልንጀራውን እግር ቢሰብር ካሣ የማይጠየቀው በዚህ ጥላ ሥር ስለሆነ ነው። ጥላው የተተከለው ግን «የስፖርቱ ደንብ» በሚለው ምሰሶ ላይ ነው። በሬስሊንግ ትርኢት ውስጥ ዳኛው ጀርባውን ሲያዞር ወንበር ማንሣት ራሱ የድርሰቱ አካል ከሆነ፣ ደንብ ጣሰ የሚባለው ማን ነው? በእኔ አስተያየት ለትርኢት አዘጋጅ ይህ ድንጋጌ የሚተማመኑበት መጠለያ አይደለም፤ ጉዳት ቢደርስ ከነጭራሹ እንደሌለ ቆጥሮ መዘጋጀት ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ እውነትን የመናገር ግዴታ ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ውጤቱ ማክሰኞ ዕለት በልምምድ የተወሰነ ግጥሚያ ቅዳሜ «ማን ያሸንፍ ይሆን? እውነተኛ የኃያላን ፍልሚያ!» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ቢለፈፍ ከአዋጁ ጋር መጋጨቱ ነው። በግጥሚያው ላይ ሰው ገንዘብ ካስያዘ ደግሞ ጉዳዩ ከአሳሳች ማስታወቂያ አልፎ ወደ ማታለል ይሻገራልና፣ በትርኢቱ ቦታ ውርርድ እንደማይፈቀድ አዘጋጁ በጽሑፍ መለጠፍ አለበት።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ «ትርኢት ነው» ይበሉ፣ በማመልከቻውም በትኬቱም ላይ ይጻፉት። ይህን ማለት ገበያ ይቀንሳል የሚል ፍርሃት አለ፤ ፍርሃቱ ከንቱ ነው። በቴያትር የሞተው ሰው መጋረጃው ሲዘጋ ተነሥቶ እጅ ቢነሣ ተታለልሁ ብሎ ገንዘቡን የሚያስመልስ ተመልካች የለም።

ደረጃ 2፦ ማመልከቻውን መጻፍ

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ቃላቱ ግን ይመረጡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ክበብ ባዘጋጀሁት ደብዳቤ ላይ ጉዳዩን «የትግል ዝግጅት ፈቃድ ስለመጠየቅ» ብዬ ጻፍሁ፤ ዝቅ ብዬም «ሃያ ታጋዮች ከተለያዩ ወረዳዎች ይገባሉ» ስል አከልሁበት። በመዝገብ ቤት ያሉት እናት ደብዳቤውን ተቀብለው ማኅተሙን አነሡ፤ ከዚያ እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቆመ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ «የምን ትግል ነው ልጄ?» አሉኝ። «የጨዋታ ነው እትዬ፣ ሬስሊንግ» አልኋቸው። ማኅተሙን መልሰው አስቀመጡና «ታጋዮች» የሚለውን ቃል በእርሳስ አሰመሩበት። «ይህን ይዘህ ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ብትገባ ጠዋት የገባህ ለምሳም አትወጣ፤ ሂድና አስተካክለህ አምጣ» ብለው ሳቁ። ትክክል ነበሩ። ቋንቋችን ለመስክ ጨዋታውም ለፖለቲካውም አንድ ቃል ነው ያለው፤ አሁን ባለንበት ጊዜ ደግሞ አንባቢው አስቀድሞ የሚያስበው የኋለኛውን ነው። ስለዚህ «ትግል» የሚለው ብቻውን አይቁም፤ «የሬስሊንግ መዝናኛ ትርኢት» ይባል። «ታጋይ» በሚለው ፈንታም «ተፋላሚ» ወይም «ተጋጣሚ» ይግባ።

የማመልከቻው አካል በሚከተለው አኳኋን ሊጻፍ ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የሬስሊንግ መዝናኛ ትርኢት ለማቅረብ ፈቃድ ስለመጠየቅ። ክበባችን በከተማው ስታዲየም ቅዳሜ ጥር … ቀን ከቀኑ 8፡00 እስከ 11፡00 ሰዓት ብቻ የሚቆይ የሬስሊንግ መዝናኛ ትርኢት በትኬት ለማቅረብ አቅዷል። ትርኢቱ በልምምድ የተዘጋጀ የጥበብ ሥራ እንጂ የስፖርት ውድድር አይደለም። ተሳታፊዎቹ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ 12 ተፋላሚዎች ሲሆኑ፣ የስም ዝርዝራቸውና የመታወቂያቸው ቅጂ ተያይዟል። የሚጠበቀው ተመልካች ከ800 አይበልጥም። የመድረኩ ንድፍ፣ የሕክምና ዝግጅቱና የበር አጠባበቁ ዕቅድ በአባሪነት ቀርቧል።»

የተመልካቹን ቁጥር አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። 300 ብሎ ጽፎ 1,500 ትኬት የሸጠ አዘጋጅ፣ አንድ አደጋ ቢደርስ የመጀመሪያው ማስረጃ የሚሆንበት የራሱ ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ነው።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር። «ከ48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ይበቃል» የሚል አነጋገር በየክበቡ ይሰማል። ያ ጊዜ የተጠቀሰው በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ሲሆን፣ አዋጁ የሚናገረው ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ስለ ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ እንጂ ትኬት ስለሚሸጥበት መዝናኛ አይደለም። ለትርኢት ቢያንስ ከአንድ ወር ተኩል በፊት ማመልከት ተገቢ ነው።

ደረጃ 3፦ ደብዳቤውን ማዞር

ዋናው ደብዳቤ ለከተማ አስተዳደሩ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ይገባና ግልባጩ ለባህልና ቱሪዝም፣ ለወጣቶችና ስፖርት፣ ለሰላምና ጸጥታ፣ ለፖሊስ፣ ለጤናና ለገቢዎች ጽሕፈት ቤቶች ይደርሳል። በእያንዳንዱ ቦታ የገቢ ቁጥርና ቀን በአዘጋጁ ቅጂ ላይ ካልተጻፈ ደብዳቤው እንደገባ አይቆጠርም። ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት «ስፖርት ካልሆነ እኛን አይመለከትም» ቢል አትከራከሩ፤ ይህንኑ በአንድ መስመር እንዲጽፉላችሁ ብቻ በትሕትና ጠይቁ። ያች መስመር ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስትደርሱ በር ትከፍታለች።

አዘጋጁ ትርኢቱን ለትርፍ የሚሠራው ከሆነ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ለመስኩ የሚስማማ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የሌላ ሰው ፈቃድ ተውሶ መሥራት በጓደኝነት ይጀመርና በግብር ጠብ ያልቃል። ትኬትም እንደ ማንኛውም ደረሰኝ በገቢዎች ዕውቅና፣ ተከታታይ ቁጥር ኖሮት መታተም አለበት፤ በኮምፒውተር ቤት የተባዛ ወረቀት ትኬት አይደለም። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ አዘጋጅ 15 በመቶውን በትኬቱ ዋጋ ውስጥ አስልቶ ይነሣ እንጂ ከሽያጭ በኋላ ከኪሱ አይፈልገው።

ቀን ሲመረጥ የጎጃምን የቀን አቆጣጠር ማወቅ ከሕጉ እኩል ያስፈልጋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ወራት ጭፈራና ትርኢት የሚያዘጋጅ ሰው ፈቃድ ቢያገኝም ተመልካች አያገኝም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሜዳውን ረግረግ ያደርገዋል። የሚቀረው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር በመሆኑ ቅዳሜና እሑዱ ይሻማል። በእንጅባራና በአካባቢዋ ጥር 23 የፈረሰኞቹ በዓል ስለሚውል በዚያ ሰሞን ሌላ ዝግጅት ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። በከተማው የተከበረ ሰው ቢያርፍም ትርኢቱ ለሳምንት መተላለፉ የማይቀር ነውና፣ ከሜዳው አስተዳደር ጋር በሚደረገው የኪራይ ውል ውስጥ ያለ ቅጣት ቀን ለመለወጥ የሚያስችል አንቀጽ ይግባ። የሰዓት እላፊ ወይም የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ገደብ በሚኖርበት ወቅት ተመልካቹ ቤቱ የሚደርስበት ሰዓት ጭምር ተቆጥሮ ትርኢቱ በጊዜ ይዘጋል፤ ከላይ በናሙናው 11፡00 ሰዓት የተባለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ከተፋላሚዎች ጋር መዋዋል

ውሉ ክፍያን፣ የልምምድ ቀናትን፣ የሕክምና ወጪን የሚሸፍነው ማን እንደሆነና ማን ምን ዓይነት ውርወራ እንደሚፈጽም መዘርዘር አለበት። የመጨረሻው ነጥብ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ተፋላሚዎች ያልተስማሙበትን አወራወር አንዱ በመድረክ ላይ በድንገት ቢሞክር ሌላው አንገቱን ማዘጋጀት አይችልም። ስለዚህ የተስማሙባቸው ውርወራዎች በዝርዝር ተጽፈው ሁለቱም ይፈርሙ፤ በጭንቅላት የሚያሳርፉት ውርወራዎች ጨርሰው ይቅሩ።

«ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» የምትለው ወረቀት በሁሉም ክበብ አለች፤ ተሸካሚዋን የምታድነው ግን ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በአንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት አካል ማጉደልን በአንቀጽ 559 ያስቀጣል፤ ዐቃቤ ሕግም አዘጋጁ የላላ ብየዳ እያወቀ ሰው አውጥቶበት እንደሆነ ይመረምራል እንጂ በሟች ፊርማ አይመለስም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወላጁ ቢፈርምለትም ለዚህ ሥራ አይወሰድ።

የጤና ምርመራን በተመለከተ፣ በደም የሚተላለፉ በሽታዎች በተለይ ኤች አይ ቪና በእኛ ዘንድ የወፍ በሽታ የሚባለው የጉበት ሕመም አንዱ ዓይነት ስለሚያሳስቡ፣ ምርመራው በፈቃደኝነት በጤና ተቋም ይደረግ። አዘጋጁ የሚቀበለው «ለትርኢቱ ብቁ ነው» የሚለውን ማስረጃ ብቻ ሲሆን፣ ውጤቱን ማየት መብቱ አይደለም። ግንባርን በምላጭ ቀድዶ ማድማት በውጭ አገር ትርኢቶች የታየ ቢሆንም እዚህ በፍጹም አይፈቀድ።

ደረጃ 5፦ መድረኩን መሥራትና መፈተሽ

በአሜሪካ የተለመደው መድረክ እያንዳንዱ ጎኑ 18 ወይም 20 ጫማ፣ በሜትር ሲሰላ ከ5.5 እስከ 6 ገደማ ነው። አሠራሩ ለሠለጠነ ብረት ሠራተኛ አያስቸግርም፦ አራት ወፍራም ምሰሶዎች፣ በመካከላቸው የሚያልፉ የቱቦላሬ ብረቶች፣ በብረቶቹ ላይ የተደረደረ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ስፖንጅ፣ ከላይ በኃይል የተወጠረ ሸራ፣ ዙሪያውን ሦስት ገመድ። ቴሌቪዥን ላይ ለስላሳ ፍራሽ የሚመስለው ነገር በእውነቱ ከሥሩ እንጨት ነው፤ ተፋላሚውን የሚያድነው የስፖንጁ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ጣውላው በብረቱ ላይ ትንሽ የሚረግብ መሆኑም ጭምር ነው። በዚህ የተነሣ ጣውላውን በምስማር ግጥም አድርጎ መምታት ጥንቃቄ የሚመስል ስሕተት ነው፤ ወለሉን ድንጋይ ያደርገዋል።

ለምሰሶዎቹ መቆሚያ የሚሆነው መሬት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎቹ የጎጃም ሜዳዎች ዋልካ አፈር ናቸው፤ በበጋ ይሰነጠቃሉ፣ አንድ ካፊያ ከጣለ ይሰምጣሉ። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ወፍራም ሳንቃ ይግባ፤ መድረኩም በውኃ ልክ ይለካ።

ፍተሻው ትርኢቱ በዋለበት ጠዋት ሳይሆን በዋዜማው ይካሄዳል። አሸዋ የሞሉ ሁለት የሲሚንቶ ከረጢቶች ይዘጋጁ፤ እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ይመዝኑ። ሁለት ሰዎች ከረጢቱን በደረታቸው ልክ አንሥተው መሐል ላይ፣ ቀጥሎም በአራቱም ማዕዘን ይጣሉት፤ ሦስተኛው ሰው ከመድረኩ ሥር ሳይገባ በጎን ተንበርክኮ ያዳምጥ። ወፍራም «ድው» የሚል ድምፅ ጤና ነው። «ቀጭ» ካለ ጣውላ ተሰንጥቋል፤ «ቅጭልጭል» ካለ ደግሞ አንድ ዳዶ ላልቷል ማለት ነው። እያንዳንዱ ቡሎን ከጠበቀ በኋላ በዳዶውና በብረቱ ላይ አንድ የቀለም መስመር ይሰመርበት፤ በማግሥቱ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው እንደዞረ ያለ ክርክር ይታያል። ከዚያ ገመዶቹ ይፈተናሉ፦ ከተፋላሚዎቹ ከባዱ ሰው ሙሉ ክብደቱን በጀርባው እየጣለ በአራቱም ጎን ይደገፋቸው። የገመዱ ውስጠኛ ክፍል ካቦ ከሆነ ጫፉ ሥጋ እንዳይቆርጥ በጎማ ቱቦ ይሸፈን።

ከላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ መድረክ መውረድ፣ ርችትና እሳት ለጊዜው ይቅሩብን። በ1991 ዓ.ም. ግንቦት ወር ኦወን ሃርት የተባለው ዝነኛ ተፋላሚ በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ ከአዳራሹ ጣሪያ ተንጠልጥሎ ሊወርድ ሲል ማሰሪያው ተፈትቶ ከ20 ሜትር በላይ ከፍታ ወድቆ ሞተ። ገንዘብም ባለሙያም በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ስታዲየም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሰው ለመስቀል የሚያስብ አዘጋጅ ሐሳቡን ይመልስ።

ደረጃ 6፦ የሕክምና ዝግጅት

በመድረኩ አጠገብ ቢያንስ አንድ የጤና ባለሙያ፣ የአንገት መደገፊያ፣ ቃሬዛና ለመውጣት መንገድ የተተወለት ተሽከርካሪ ይኑር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ነገር ግን በዕለቱ ከመደወል ይልቅ አስቀድሞ በደብዳቤ ማሳወቅ ይበጃል።

ትርኢት በመሆኑ አንድ ልዩ ችግር አለ፦ ተፋላሚው የሚጮኸው እያስመሰለ ይሁን በእውነት ተጎድቶ ማንም መለየት አይችልም። የውጭዎቹ ለዚህ ያበጁት ዘዴ ዳኛው ሁለት ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ማንሣቱ ነው፤ ይህ ምልክት ሲታይ ጉዳቱ እውነተኛ ነው ማለት ሲሆን፣ ትርኢቱ ወዲያው ይቆምና ባለሙያው ይገባል። ምልክቱ ለሙዚቃ ክፍሉ፣ ለአስተዋዋቂውና ለፖሊሶቹም ሳይቀር ይነገራቸው፤ ሙዚቃው እየጮኸ ሰው በቃሬዛ ሲወጣ ሕዝቡ ያጨበጭባልና። ራሱን የሳተ ተፋላሚ ደህና ነኝ ቢልም በዚያ ቀን ተመልሶ አይወጣም፤ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሳይዘገይ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ደረጃ 7፦ በርና ተመልካች

በበሩ ላይ የሚያጋጥመው የጎጃም ጉዳይ ዱላ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ዱላውን እንደ ልብሱ ስለሚቆጥረው «ጣለው» ቢሉት ይከፋዋል። እኔ ያየሁት የተሻለ ዘዴ እንደ ሻንጣ ማስቀመጫ ማድረግ ነው፦ በዱላው ጫፍ ቁጥር ይታሰራል፣ ተመሳሳዩ ቁጥር ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ተረካቢውም በዕድሜ የገፉትን «አባቴ፣ ሲወጡ እዚሁ ያገኙታል» ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል። ያለ ምርኩዝ የማይራመዱ ሽማግሌ ግን ከነዘንጋቸው ገብተው ከመድረኩ ራቅ ባለ ወንበር ይቀመጡ። ስለ ጦር መሣሪያ ድርድር የለም፤ ባለ ፈቃድም ቢሆን ይዞ አይገባም፣ ጉዳዩም ለፖሊስ ይተዋል። በሠርግ ደስታ መተኮስ የለመደ እጅ ጀግናው ሲያሸንፍም ሊለምደው ይችላል።

ከመድረኩ እስከ መጀመሪያው ረድፍ ቢያንስ ሦስት ሜትር ባዶ ይሁን። ቆመው በሚያዩበት ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር ከአራት ሰው በላይ አይታጨቅ፤ መውጫዎችም ትርኢቱ እስኪያልቅ በቁልፍ አይዘጉ። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የአልኮል መጠጥ አይሸጥም፤ እኔን ቢጠይቁኝ ግን በስታዲየሙ ውስጥ ለማንም ባይሸጥ ይሻላል። አረቄ የቀመሰ ተመልካች ክፉውን ገጸ ባሕርይ ለመምታት ገመድ ሲሻገር ተመልክቻለሁ።

ስለ ክፉው ገጸ ባሕርይ ከተነሣ፣ የሬስሊንግ ድርሰት የሚቆመው በደግና በክፉ ግጥሚያ ላይ ነው። የአሜሪካኖቹ ትርኢት ክፉውን የሌላ አገር ሰው አድርጎ ባንዲራ የሚያስይዝበት ጊዜ ብዙ ነበር። ይህ እዚህ አይቀዳ። ክፉው በስስቱ፣ በጉረኝነቱ፣ ዳኛ በመደለሉ ይጠላ እንጂ በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በወረዳው አይጠላ፤ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መድረክ ላይ ነበርሁ የሚል መከላከያ ላይቀበል ይችላል። ሽለላና ፉከራ ግን ለዚህ ትርኢት የተፈጠሩ ያህል ይስማማሉ። ተፋላሚው በእንግሊዝኛ ሙዚቃ ከሚገባ በቀረርቶ ቢገባ ሜዳው ይነቃነቃል፤ የሚፎክረው በራሱ ጀግንነት እስከሆነ ድረስ፣ ግጥሙም አስቀድሞ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ታይቶ ከሆነ፣ የሚከለክለው የለም። የታወቁ የውጭ ተፋላሚዎችን ፎቶ በፖስተር ላይ መለጠፍ ደግሞ የሌላ ሰው ንብረት መጠቀምም ተመልካችን ማሳሳትም ስለሆነ ይቅር።

ደረጃ 8፦ ከትርኢቱ በኋላ

መድረኩ በዚያው ምሽት ይፈታ፤ ካደረ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች ከላዩ ሲዘሉ ይገኛሉ፣ አንዱ ቢሰበር ተጠያቂው አዘጋጁ ነው። ያልተሸጡ ትኬቶች ከነግንዳቸው ተቆጥረው ለገቢዎች ይቀርባሉ። የጉዳት መዝገብ ቀላልም ይሁን ከባድ በጤና ባለሙያው ተፈርሞ ይቀመጣል። በሳምንቱ ውስጥም ስንት ሰው እንደገባ፣ ምን እንደተከሰተና ሜዳው በምን ሁኔታ እንደተመለሰ የሚገልጽ የአንድ ገጽ ሪፖርት ፈቃድ ለሰጠው ጽሕፈት ቤት ይላክ፤ ሪፖርቱ የገባበት ቁጥርና ቀንም በክበቡ ቅጂ ላይ ይጻፍ። በሚቀጥለው ጥር በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሠራተኛ ተቀምጦ «ይህ ነገር ከዚህ በፊት ተደርጎ ያውቃል?» ሲል የሚቀርብለት ይኸው ቅጂ ነው።